ታቦቱ በቀጥቃጩ ደጅ የቆመ ዕለት

ጥምቀትን የማይወድ ሰው አይቼ አላውቅም። ለምን እንደሚወደው አጥርቶ የነገረኝ ሰውም አላየሁም። እኔን ብትጠይቁኝ ግን አልደብቃችሁም፤ በዚህ ዕድሜዬ ማንን ልፈራ? ጥምቀትን የምወደው ለቀሚሱ ነው። ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ ይባል የለ? ይህን ያለው ሰው ወይ ሸማኔ ነው ወይ ጨርቅ ነጋዴ። ጌታ ዮርዳኖስ የወረደው ልብሱን አውልቆ ነው። እኛ ደግሞ እሱን እናስባለን ብለን ያለንን ሁሉ ደራርበን እንወጣለን። ይሁን እስቲ፤ ዓመት በዓል ነው።

የማወራችሁ ጣልያን ከመግባቱ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ የሆነ ነገር ነው። ተድሬ አዳማ ከገባሁ ገና ሦስት ዓመቴ ነበር። ናዝሬት የሚለው ስም አልወጣላትም። አዳማ ማለት ያኔ ባቡር ጣቢያው ነው። ከጣቢያው ፊት ለፊት ሱቆች፣ ከሱቆቹ ጀርባ የኛ ጭቃ ቤቶች፣ ከዚያ ወዲያ ግራርና ንፋስ። ንፋሱ ዛሬም ስላለ አልገልጽላችሁም። ባለቤቴ መኮንን ጣቢያው ላይ ባቡር ሲመጣ ሐዲድ የሚያዞር ሠራተኛ ነበር። እኔ ባልኖር ባቡሩ በረሃ ገብቶ ይቀር ነበር እያለ ይኮራብኛል። እቤቱ ሲገባ ግን የገዛ ጋቢውን ያለበትን አያውቅም።

የከተማው ትልቅ ሴት ወይዘሮ የሺመቤት ነበሩ። የጽዋ ማኅበራችን አለቃም እሳቸው ናቸው። በየወሩ ተሰብስበን ጠበል ጸዲቅ እንቀምሳለን፤ መምሬ ኃይሌ ጸሎት ያደርሳሉ፤ ከዚያ እሳቸው ወጣ ሲሉ ዋናው ነገር ይጀመራል። የማን ልጅ ከማን ጋር ታየች፣ የማን ጠላ ኮመጠጠ። በጾም ጊዜ ይብሳል። ቅቤ አንነካም፣ ወተት አናይም፣ ሥጋማ ስሙም አይነሳ። የጎረቤት ሥጋ ግን ጾም የለውም፤ ጠዋትም ማታም ይበላል። ወይዘሮ የሺመቤት በዚህ ሁሉ መካከል መቁጠሪያቸውን እየቆጠሩ ይቀመጣሉ። አንድ ጸሎት፣ አንድ ሐሜት፣ አንድ ጸሎት።

ጨርቅ የምንገዛው ከሐጂ እንድሪስ ነው። የወሎ ሙስሊም ናቸው፤ ባቡሩ ያመጣውን ጨርቅ ሁሉ መጀመሪያ የሚፈታው እሳቸው ሱቅ ነው። የዚያን ዓመት ለጥምቀት ልገዛ ሄድኩ። ጥያቄ ጠየቁኝ። ልጄ፣ ይኼ ጨርቅ ለእግዜር ነው ወይስ ለወይዘሮ የሺመቤት? አሉኝ። ምን ልዩነት አለው አልኳቸው። ለእግዜር ከሆነ ይኼ ከፊትሽ ያለው ይበቃል፣ እሱ ልብ ያያል፤ ለወይዘሮ የሺመቤት ከሆነ ግን ከላይኛው መደርደሪያ ላውርድልሽ አሉኝ። ከላይኛው አወረዱልኝ።

ሌላው የአዳማ ጥምቀት ጉድ ውኃው ነው። ሌላ አገር ወንዝ አለ። እኛም አዋሽ አለን፤ ግን ታቦት ተሸክሞ እዚያ ድረስ በእግሩ የሚሄድ ቄስ የለንም። ቅርብ ያለው ውኃ ባቡሩ የሚጠጣው ነው። ጣቢያው አጠገብ ከፍ ተደርጎ የተሠራ የብረት ጋን ነበር፤ ባቡሩ ሲደርስ ከሱ ይሞላለታል። የጣቢያው ሹም ፈረንጅ ነው። በየዓመቱ በአስተርጓሚ ይለመንና አሥር በርሜል ይፈቅዳል። በርሜሎቹ ሜዳው ላይ ይደረደራሉ፣ ካህናቱ ይባርካሉ፣ በቃ ዮርዳኖሳችን እሱ ነው። አንድ ዓመት ውኃው ላይ ዘይት ተንሳፎ ታየ። ከማኅበራችን አንዷ ሜሮን ወረደ ብላ እልል አለች። እኛም አብረናት እልል አልን። ልብሳችን ላይ የቀረውን ነጠብጣብ እንዶድ እንኳ አላስለቀቀውም።

ታዲያ ያ ፈረንጅ ሃይማኖቱ ምንድን ነው፣ ከሱ እጅ ውኃ መቀበል ይፈቀዳል ወይ ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው አልነበረም። ሲያስፈልገን የማንንም እጅ እንቀበላለን። ሰው የምንመርጠው ሳያስፈልገን ነው። ይህን ያነሳሁት ስለ ተክሌ ላወራችሁ ብዬ ነው።

ተክሌ ቀጥቃጭ ነበር። አዳማ የባቡር ሥራ አለ ሲባል ሰምቶ ከመንዝ በኩል ከሚስቱ ከአስካለ ጋር መጣ። ቤቱን ከቤተ ክርስቲያን ወደ ጣቢያው ሜዳ በሚወስደው መንገድ ዳር ሠራ፤ ከኛ ቤት ሁለት አጥር አልፎ። የከተማው ምሳር፣ ማጭድና ቢላዋ ሁሉ የሱ እጅ ነው። የቤተ ክርስቲያናችን ጉልላት ላይ ያለውን መስቀል የሠራው እሱ ነው። ደወል ቸግሮን ነበርና ከተጣለ የሐዲድ ቁራጭ ደወል አበጅቶ የሰቀለልን እሱ ነው። በዚያ ደወል ተጠርተን እንሄድና፣ በዚያ መስቀል ሥር እንቆምና፣ ተክሌን ስናይ ልጆቻችንን ነጠላ ውስጥ እንደብቃለን። ቀጥቃጭ ነዋ። ቡዳ ነዋ። ቀን ብረት ይቀጠቅጣል፣ ሌሊት ጅብ ይሆናል ይባል ነበር። ቀኑን ሙሉ መዶሻ ሲያነሳ የዋለ ሰው ሌሊት ጅብ የሚሆንበትን ጉልበት ከየት እንደሚያመጣው ማንም አላሰበም። እኔም አላሰብኩም። እኔ እንዲያውም በጓሮ በኩል ዞሬ ነበር የምሄደው።

በጥቅምት አስካለ ሴት ልጅ ወለደች። ልጅቷ ደካማ ናት፤ ከተወለደች ጀምሮ ታስላለች። ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሳው በሰማንያ ቀኗ ነው። ሰማንያዋ የሚሞላው ጥር አሥራ አራት፣ ጥምቀት ካለፈ በሦስተኛው ቀን ነበር። መምሬ ኃይሌ ደግ ሰው ናቸው፤ ግን ሕግ ላይ ደረቅ ናቸው። ክርስትና እናት አምጡና አጠምቃለሁ፣ ያለ ክርስትና እናት ግን አይሆንም አሉ። ሳትጠመቅ ብትሞት ደግሞ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውስጥ አትቀበርም። ተክሌ ራሱ መስቀል ከሰቀለበት አጥር ማለት ነው። ግራር ሥር ጉድጓድ ተቆፍሮላት መቅረቷ ነው።

አስካለ መጀመሪያ የመጣችው እኔ ጋ ነው። ጎረቤት ነኛ። ክርስትና ማንሳት ቀልድ አይደለም እንግዲህ። በሰማይ ስለ ልጁ ትጠየቃላችሁ። ይኼ ቀላሉ ነው። አስቸጋሪው በምድር ነው፤ ቤታቸው ገብታችሁ ትበላላችሁ። መኮንንን ልጠይቅ አልኳት። አልጠየቅኩትም። በሳምንቱ ስትመለስ ሥራ በዝቶበት አላገኘሁትም አልኳት፤ አንድ አልጋ ላይ ነው የምንተኛው። በሦስተኛው ስትመጣ መኮንን ራሱ እቤት ነበር፤ ሰማትና ምን ችግር አለው፣ አንሺላት እንጂ አለ። ባል እንዲህ ነው፤ ይከልክል ሲሉት አይከለክልም። እኔም ወገቤን ያመኛል፣ ሕፃን ማቀፍ አልችልም ብዬ ተገላገልኩ።

ከዚያ ሴቱን ሁሉ ዞረች። አንዷ እርጉዝ ነኝ አለቻት፤ ሆዷ እስከ ፋሲካ ድረስ ምንም አልታየበትም። አንዷ አገሬ ልሄድ ነው አለቻት። ወይዘሮ የሺመቤት ጋ ስትሄድ በር ላይ አቆሟትና፣ እኔማ ስንት ክርስትና ልጅ አለኝ፣ እጄ ሞልቷል ልጄ፣ እመቤቴ ሰው ትስጥሽ ብለው ባርከው መለሷት። መባረኩን እንችልበታለን። አስካለ ስትመለስ በደጄ አለፈች፤ ልጅቷን በጀርባዋ አዝላ፣ ሳሏ እስከ ጓዳዬ ይሰማል። እኔ አዲሱን ቀሚሴን እየለካሁ ነበር።

ጥምቀት ሲቃረብ ደግሞ ሌላ መጣ። ሽማግሌዎች ተክሌ ዘንድ ተላኩ። ታቦቱ በደጅህ ስለሚያልፍ ያን ቀን ከዚህ ዞር በልልን አሉት። ልጄ ታማብኛለች፣ ሚስቴም አራስ ናት፣ የት ልሂድ? በሬን ዘግቼ እቀመጣለሁ አላቸው። እሺ፣ ለበዓሉ እንዲያ ይሁን፤ ከመንገዱ ዳር ስለመነሳትህ ግን ከበዓሉ በኋላ እንነጋገራለን ብለውት ወጡ። የልጅቷ ጥምቀት አልበቃ ብሎ ቤቱም ተጨመረ ማለት ነው።

በከተራ ታቦቱ ወደ ጣቢያው ሜዳ ወረደ፤ አደረ፤ በማግስቱ በርሜሎቹ ተባረኩ፣ ተረጨን። ከዚያ ታቦቱ ሊገባ ጉዞ ተጀመረ። መምሬ ኃይሌ ታቦቱን በራሳቸው ላይ ተሸክመዋል፣ ጥላው ተዘርግቷል፣ ከበሮው ይደለቃል። እኔ ከፊት ነበርኩ። ጸሎት ብዬ እንዳይመስላችሁ፤ ከኋላ ያለ ቀሚስ ማን ያየዋል? ወይዘሮ የሺመቤትም ከጎኔ ነበሩ። ጠርዙ የብር ክር የገባበት ነጠላ ለብሰዋል፤ አዲስ አበባ አሠርተው ያመጡት ነው፤ ንፋሱ አቧራ ባነሳ ቁጥር እጥፍ እያደረጉ ብብታቸው ውስጥ ይከቱታል።

ተክሌ ደጅ ስንደርስ ታቦቱ ቆመ።

ከበሮው ሁለት ሦስት ጊዜ ተመታና ዝም አለ። ጠበቅን። መምሬ ኃይሌ አይንቀሳቀሱም። ታቦት የተሸከመ ቄስ አይናገርም፤ እጁ ወደ ላይ ነው፣ አንገቱ ቀጥ እንዳለ ነው፣ ጎንበስ አይል፣ ዞር አይል። አጠገባቸው ያሉት ካህናት መቋሚያቸውን ተደግፈው እርስ በርስ ተያዩ። ወተት የምትሸጥልን አዴ ጫልቱ ከመንገዱ ማዶ ቆማ ነበርና፣ ማል ታኤ? አለችኝ፤ ምን ሆነ ማለቷ ነው። ታቦቱ እምቢ አለ አልኳት። እሷም አፏን ያዘች።

ታቦት እምቢ ሲል ምክንያት አለው። ይህን ሁሉም ያውቃል። በመካከላችን ኃጢአተኛ አለ ማለት ነው። እህ፣ አንድ ብቻ ቢሆን ኖሮ እንዴት ያለ ከተማ ነበርን! ሰው ሁሉ ወደ ጎረቤቱ ዞረ። ወደ ታቦቱ የሚያይ የለም፤ ሁሉም የሚያየው ሰውን ነው። ከዚያ ፍርሃቱ መጣ። አንድ ሽማግሌ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የጎረቤቴን አጥር ሁለት ክንድ ገፍቻለሁ፣ እመልሳለሁ አሉ። ታቦቱ አልተንቀሳቀሰም። በአንድ ድስት ተጣልተው ሁለት ዓመት ያልተነጋገሩ ምራትና አማት ተቃቅፈው ተላቀሱ። ታቦቱ ፍንክች አላለም። ጠጅ ሻጯ ጠጄ ላይ ውኃ እጨምራለሁ አለች። ይኼን እንኳ ሁላችንም እናውቅ ነበር። ላስቀድምላችሁና፣ አጥሩ እስከ ዛሬ አልተመለሰም፤ ጠጁም ከዚያ በኋላ ይበልጥ ቀጠነ።

በዚህ መካከል አንድ ድምፅ፣ የማን ደጅ ላይ እንደቆመ አታዩም ወይ? አለ። ለሁላችንም በአንዴ ገባን። ደግሞም ደስ አለን፤ ለምን ይዋሻል? የገዛ ኃጢአታችንን ከመፈለግ ተገላገልን። የመምሬ ኃይሌ ዓይን እንባ ሞልቶ ጉንጫቸው ላይ ይወርዳል። አያችሁ፣ ስለኛ ያለቅሳሉ አሉ ወይዘሮ የሺመቤት። ቀጥቃጩ ይውጣ ተባለ። አንዳንዱም ድንጋይ አነሳ። በጥምቀት፣ በአዲስ ልብስ፣ ጠበል ገና ከፊታችን ሳይደርቅ። ሎሚ የምንወረውርበት ቀን ነው፤ ድንጋይም ያው ክብ ነው እንግዲህ።

ተክሌ ወጣ። የታጠበ ጋቢ ለብሷል። ከኋላው በሩ ገርበብ እንዳለ የልጅቷ ሳል ይሰማ ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን ይምል፣ ይከራከር፣ ሚስት አለኝ ልጅ አለኝ ይል ነበር። እሱ ሰዉን ጨርሶ አላየም። ታቦቱን ሲያይ አቧራው ላይ ወደቀና ሰገደ። ያን ቀን ከተማው በሙሉ ቀና ብሎ ጎረቤቱን ሲመረምር፣ ግንባሩን መሬት ያስነካ እሱ አንድ ሰው ነበር። መሬት ላይ ደግሞ ምን አለ? እግር አለ።

ግንባሩን ሊያነሳ ሲል ቆም አለ። እጁ ወደ አንገቱ ሄደ። ከማተቡ ጋር ወረንጦ ያንጠለጥል ነበር፣ ራሱ የሠራት፣ እሾህ መንቀያ። እሷን ይዞ መምሬ ኃይሌ እግር ላይ ጎንበስ አለ። ሰዉ እግር ሊስም ነው አለ። እኔ ግን ከፊት ነበርኩ። የግራር እሾህ ነው። እንደ ጣቴ የሚረዝም፣ ነጭ፣ በውስጥ እግራቸው ጠርዝ ገብቶ ጫፉ ብቻ ቀርቷል። ያዘው፣ በአንድ ትንፋሽ ሳበው፣ ደሙን በጋቢው ጫፍ ጠረገና ተነሣ፤ ሲነሣ ከኔ ጋር ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን። መምሬ ኃይሌ ትንፋሻቸውን ለቀቁ። ታቦቱ ሄደ።

እልልታው ከተማውን ነቀነቀው። መምሬ እያነከሱ ሄዱ። ከፊታቸው ያሉት ዘማሪዎች ወደ ኋላ ዞረው ማነከሳቸውን ሲያዩ አዲስ ዝማሬ መስሏቸው እነሱም በዚያው ልክ ወደ ቀኝ ወደ ቀኝ ዘመም ማለት ጀመሩ። ሕዝቡም ተከተለ። ከተማው በሙሉ እያነከሰ ታቦቱን አስገባ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ወሬው ሦስት ዓይነት ሆነ። አንደኛው፣ ታቦቱ ተክሌን ሊያስታርቀው ደጁ ድረስ መጣ። ሁለተኛው፣ ተክሌ እግር ሲስም ቡዳው በጭስ መልክ ወጣለት፤ ጭሱን ያዩ አምስት ሴቶች ነበሩ። ሦስተኛውን ወይዘሮ የሺመቤት ይዘውታል። የመስቀላችንን ሠሪ ስለናቅን ታቦቱ ተቆጣ፤ ኃጢአተኞቹ እኛ ነን አሉ። ይህን ሲሉ ግን «እኛ» ያሉት እናንተ ለማለት ይመስል ነበር።

ተክሌ ምስኪኑ እውነቱን ተናገረ። እሾህ ነው፣ እሾህ ነቀልኩላቸው እንጂ ምንም የለም እያለ ለመጣው ሁሉ ያስረዳል። አይ ትሕትና አሉ። እሾሁን አውጥቶ አሳያቸው። እሾሁን ተሳለሙት። መምሬ ኃይሌም እግራቸውን የሞቀ ጨው ውኃ ውስጥ ነክረው ተቀምጠው፣ ልጆቼ እሾህ ነው የወጋኝ አሉ። ሰዉ ጨው ውኃውን ለጠበል ይዞ ሄደ። እውነት ሲነገር እንዲህ ዓይነት ክብር አግኝቶ አያውቅም።

በማግስቱ ደግሞ ተክሌ ደጅ ሴት ተሰለፈ። ያቺ እርጉዝ የነበረችው መጣች። አገሬ ልሄድ ነው ያለችውም አልሄደችም። ዳቦ የያዘ፣ ቅቤ የያዘ፣ ሁሉም ክርስትና እኔ ላንሳ ይላል። ከመንገድ ዳር ተነሣ የተባለውን ነገር ያነሳው ሰው ጠፋ። እኔ በጣም ተናደድኩ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይባላል። እሾህ መሆኑን በዓይኔ አይቻለሁ። እነዚህ ሞኞች ተአምር ብለው ነው የሚሮጡት ብዬ ለመኮንን ሳወራለት፣ ታዲያ አንቺ ለምን አትሮጪም? አለኝ። ይኼ ሰው ሐዲዱን ቢያዞር ይሻለዋል።

ጥር አሥራ ሦስት ጠዋት አስካለ እኔ ጋ መጣች። ልጅቷን አቅፋታለች። አትቀመጭም አልኳት፤ አልተቀመጠችም።

«ሴቱ ሁሉ ታቦት ቆመልሽ ብሎ ነው የመጣልኝ» አለችኝ። «ተክሌ እሾህ ነው ይላል። አንቺም አይተሻል ይላል። ነገ ወሬው ያልቃል፤ ተአምሩን የፈለገው ሁሉ ሌላ ተአምር ይፈልጋል። እኔ ልጄን እንድታነሳልኝ የምፈልገው እሾህ መሆኑን የምታውቅ ሰው ነው። ታነሺልኛለሽ?»

እንዲህ ያለ ጥያቄ ሰው ይጠየቃል? ልጅቷ ታየኛለች። ዓይኗ ትልልቅ ነው። እሺ የሚለው ቃል ጉሮሮዬ ድረስ መጥቶ ነበር፣ እውነቴን ነው። ከዚያ ሰዉን አሰብኩ። ነገ ወሬው ሲያልቅና ተክሌ እንደገና ቡዳ ሲሆን እኔ የቡዳ አበልጅ ሆኜ ልቀር ነው። አየሽ፣ ወይዘሮ የሺመቤት እያሉ እኔ እንዴት እቀድማለሁ? ነውር ነው አልኳት።

«አይ፣ አንቺስ አልቀደምሽም» አለችኝና ሄደች።

ክርስትናውን ያነሱት ወይዘሮ የሺመቤት ናቸው። እኔም ሄጄ ከኋላ ቆሜ አየሁ። ጠዋቱ ይነፍሳል፣ ውኃው ቀዝቃዛ ነው፣ ልጅቷ ከውኃው ስትወጣ ከንፈሯ ጠቁሮ ሳሉ አላቋርጥ አላት። የተዘጋጀላት ጨርቅ ስስ ነው። ወይዘሮ የሺመቤት ዞር ዞር ብለው ፈለጉ። ከዚያ ያን የብር ክር የገባበት ነጠላቸውን ከትከሻቸው አወረዱና ከነእርጥበቷ፣ ከነቅብዓ ቅዱሱ ጠቀለሏት። ይጠነቀቃሉ ብዬ ጠብቄ ነበር። ጥብቅ አድርገው ደረታቸው ላይ ለጠፏት እንጂ ነጠላውን አላዩትም።

ድግሱ ተክሌ ቤት ነበር። ሌሎቹ በር በር ላይ ቆመው ዳቦ በእጃቸው ያዞራሉ። ወይዘሮ የሺመቤት ገብተው መደብ ላይ ተቀመጡ። መጀመሪያ የጎረሱት እሳቸው ናቸው። ፊታቸው ላይ ላብ አየሁ፤ ፈርተዋል፣ እንዴት እንደፈሩ! እያማተቡ ዋጡ። ጠበቅን። ጅብም አልሆኑም፣ አልጮኹም። ትንሽ ቆይተው ወጡ ጨው አንሶታል አሉና ጨመሩ።

አስካለ ያለችው ደርሶ ወሬው በሁለተኛው ወር አለቀ። ዱከም አካባቢ አንዲት ላም የምትናገር ተገኘችና ሰዉ ወደዚያ ዞረ። ልጆች እንደገና ነጠላ ውስጥ ይደበቁ ጀመር። ወይዘሮ የሺመቤት ግን አልተመለሱም። በየዓመቱ ጥር አሥራ አራት ተክሌ ቤት ሄደው ይበላሉ። ሽማግሌዎቹ የመንገድ ዳሩን ነገር ደግመው ሊያነሱ ሲሉ፣ የክርስትና ልጄን ቤት የሚነካ ማን እንደሆነ ልየው ብለው በሩ ላይ በርጩማ አስቀምጠው ዋሉ። ሐሜታቸውን ተዉ እንዳይመስላችሁ። ሐሜታቸው እንደ ድሮው ነው። ልጅቷ ጽጌ ተባለች፤ ሳሉ ተዋት፤ ከእናቷ ቤት ይልቅ እሳቸው ቤት የምትውልበት ቀን ይበልጥ ነበር።

እኔ ነገሩ ውስጤ ቀረ። አስቡት፣ ወይዘሮ የሺመቤት በሐሰት ተአምር የጽድቅ ስም አተረፉ፤ እውነቱን ያየሁት እኔ ደግሞ ማንም አያውቀኝም። ጽጌ አሥር ዓመት ሲሞላት አንድ ቀን እሳቸው ቤት ሄድኩ። ብቻቸውን ተቀምጠው ጥጥ ይፈትላሉ። ከዚህ በላይ አልቻልኩም። እትዬ የሺመቤት፣ ያን ጊዜ ታቦቱ አልቆመም፤ መምሬን እሾህ ወግቷቸው ነው፣ በዓይኔ አይቻለሁ አልኳቸው። እንዝርቱን አላቆሙም። አውቃለሁ፣ ተክሌ ያኔውኑ ነግሮኛል አሉኝ። ታዲያ እያወቁ እንዴት ተአምር ይላሉ? አልኳቸው።

ቀና ብለው አዩኝ።

«እኔ ክፉ ሴት ነበርኩ፤ ከበሬ ላይ መልሻት ነበር። ለመነሣት እሾህ አስፈለገኝ» አሉ። «አንቺ ግን እሾሁንም አይተሽ ነበር። ምን እስኪመጣልሽ ነበር የምትጠብቂው?»

ነፍሳቸውን ይማርና፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ እኚህን ሴት ጨርሶ አልወዳቸውም።